ድምፅና ድምፅ ተደምረው ጸጥታ፦ የኢንተርፌረንስ ሐሳብ ታሪክ

መግቢያ

በአንድ ድምፅ ላይ ሌላ ድምፅ ቢጨመር ድምፁ ይበረታል እንጂ ይጠፋል ብሎ የሚጠብቅ ሰው የለም። በገበያ መካከል ከአንድ ሰው ጩኸት ይልቅ የሁለት ሰዎች ጩኸት እንደሚያደነቁር ሁላችንም እናውቃለን። ሆኖም ሁለት ስፒከሮች ከአንድ አምፕሊፋየር ጋር ተያይዘው ከፍና ዝቅ የማይል አንድ ዓይነት ድምፅ እንዲያሰሙ ቢደረግና፣ አንድ ተማሪ ከፊታቸው ከግራ ወደ ቀኝ ቀስ እያለ ቢራመድ፣ ድምፁ በአንዱ ቦታ ጎልቶ፣ በሚቀጥለው ደክሞ፣ እንደገና ጎልቶ ይሰማዋል። ድምፁ በደከመበት ቦታ እንደ ቆመ ከሁለቱ ስፒከሮች አንዱ ቢዘጋ ደግሞ፣ ድምፁ በመቀነስ ፈንታ ይጨምርለታል። ሁለት ድምፅ ከአንድ ድምፅ ያነሰበት ቦታ ተገኘ ማለት ነው።

ይህ ሁኔታ በፊዚክስ ትምህርት ኢንተርፌረንስ ይባላል። ሁለት ሞገዶች በአንድ ቦታ ላይ ሲደራረቡ የሚያሳዩት መደጋገፍ ወይም መሻሻር ነው። የአንዱ ሞገድ ጉብታ ከሌላው ጉብታ ጋር ሲገጥም ይደጋገፋሉ፤ የአንዱ ጉብታ ከሌላው ጎድጓዳ ጋር ሲገጥም ይሻሻራሉ።

በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ኢንተርፌረንስ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀርበው በብርሃን ምዕራፍ ውስጥ ነው። ቶማስ ያንግ የተባለ እንግሊዛዊ በ1801 ብርሃንን በሁለት ቀዳዳዎች አሳልፎ የብርሃንን ሞገድነት እንዳረጋገጠ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይነገርና ወዲያው ቀመሩ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ይሰፍራል። ተማሪውም ቀመሩን ይሸመድዳል፤ በብርሃን ላይ ብርሃን ተጨምሮ ጨለማ መገኘቱ ግን ሳያስገርመው ያልፋል። ታሪኩን ጠጋ ብለን ስንመረምረው ሐሳቡ የተወለደው ከብርሃን አለመሆኑን እናገኛለን። መጀመሪያ በባሕር ውኃ ላይ፣ ቀጥሎ በሙዚቃ መሣሪያ ላይ ታየ፤ ወደ ብርሃን የተሻገረው ከዚያ በኋላ ነው። ይህን ቅደም ተከተል ማወቅ ለታሪክ እውቀት ያህል ብቻ ሳይሆን ለክፍል ትምህርት አሰጣጥም የሚጠቅም ስለ ሆነ፣ ከዚህ በታች በአጭሩ ለማቅረብ እንሞክራለን። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. በሁለት በር የገባ የባሕር ሙላት

በአብዛኛዎቹ የዓለም የባሕር ዳርቻዎች ውኃው በአንድ ቀንና ሌሊት ውስጥ ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። በ17ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ አካባቢ ግን ከቶንኪን፣ ማለት ዛሬ ሰሜን ቬትናም ከምንለው አገር፣ አንድ እንግዳ ወሬ ለንደን ደረሰ። ፍራንሲስ ዳቬንፖርት የተባለ እንግሊዛዊ በዚያ አገር ባትሻ በሚባል ወደብ የተመለከተውን የጻፈ ሲሆን፣ ጽሑፉም በ1684 በለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ መጽሔት ላይ ከኤድመንድ ሃሌ አስተያየት ጋር ታተመ። በዚያ ወደብ ባሕሩ የሚሞላው በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ነበር። ከዚህም የባሰው፣ ጨረቃ በምድር ወገብ አቅጣጫ ላይ በምትሆንባቸው ቀናት ውኃው ጭራሹን ሳይሞላና ሳይጎድል ረግቶ ይውላል።

አይዛክ ኒውተን በ1687 ባሳተመው ፕሪንሲፒያ በተባለው ታላቅ መጽሐፉ ሦስተኛ ክፍል ለዚህ ነገር ምክንያት ሰጠ። እንደ ኒውተን አባባል፣ ሙላቱ ወደ ወደቡ የሚደርሰው በሁለት የባሕር መንገዶች ነው፤ አንደኛው ከቻይና ባሕር፣ ሁለተኛው ከሕንድ ባሕር በኩል ይመጣል። በሁለተኛው መንገድ የሚመጣው ከመጀመሪያው ስድስት ሰዓት ያህል ዘግይቶ ይደርሳል። ከአንድ ሙላት እስከሚቀጥለው ጉድለት ያለው ጊዜም ስድስት ሰዓት ያህል ስለ ሆነ፣ በአንዱ በር የገባው ሙላት በሌላው በር ከገባው ጉድለት ጋር ይገናኛል። ሁለቱ እኩል በሆኑ ጊዜ አንዱ የጨመረውን ሌላው ስለሚቀንስ ውኃው ረግቶ ይቆማል።

የዛሬው የባሕር ጥናት የቶንኪን ባሕረ ሰላጤ ጠባይ ከዚህ ይልቅ ውስብስብ መሆኑን ያሳያል። ይሁን እንጂ ለእኛ ቁም ነገሩ የአስተሳሰቡ መንገድ ነው። ከአንድ ምንጭ የተነሡ ሁለት እንቅስቃሴዎች፣ በተለያየ ርዝመት መንገድ ተጉዘው፣ በአንድ ቦታ ሲገናኙ ሊሻሻሩ እንደሚችሉ ኒውተን በግልጽ ጽፎታል። የሚያስደንቀው ነገር፣ ኒውተን ይህንኑ ሐሳብ በድምፅም ሆነ በብርሃን ላይ አለማዋሉ ነው። ብርሃን በጥቃቅን ብናኞች የሚተላለፍ ነው ወደሚለው አመለካከት ያዘነበለ ነበርና፣ ከመቶ ዓመት በኋላ ስሙ የዚህ ሐሳብ ተቃዋሚዎች ጋሻ ሆነ።

2. የሚርገበገበው ድምፅ

ሁለት ክራሮችን እርስ በርስ የሚያስማማ ሰው፣ ሁለቱ ጅማቶች ሊስማሙ ጥቂት ሲቀራቸው ድምፃቸው ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ እያለ እንደሚርገበገብ ያውቃል። ጅማቱን ቀስ እያለ ሲያከርረው መርገብገቡ እየዘገየ ይሄድና ሁለቱ ፍጹም ሲስማሙ ይጠፋል። ባለሙያው የመቃኘቱን ፍጻሜ የሚያውቀው በዚህ ነው። የአውሮፓ ኦርጋን ሠሪዎችም ይኸው እውቀት ነበራቸው። ይህ መርገብገብ በፊዚክስ ምት ተብሎ ሊጠራ ይችላል።

ምትን ወደ ሳይንስ መለኪያነት የለወጠው ጆዜፍ ሶቨር የተባለ ፈረንሳዊ ነው። ሶቨር በ1653 የተወለደ ሲሆን፣ እስከ ሰባት ዓመቱ ድረስ አፉን ሳይፈታ እንደ ቆየና የመስማት ችሎታውም ደካማ እንደ ነበረ ይነገራል። የሆነ ሆኖ የድምፅ ጥናት አኩስቲክስ የሚለውን ስሙን ያገኘው በዚህ ሰው ነው። ሶቨር በ1700 አካባቢ የደረሰበት ሐሳብ ይህ ነው፦ ሁለት ድምፆች በሰከንድ የሚያሰሙት የምት ብዛት ከሁለቱ ድግግሞሾች ልዩነት ጋር እኩል ነው። ለምሳሌ የሁለት የኦርጋን ቧንቧዎች ድግግሞሽ 24 ለ25 መሆኑ ከሙዚቃው ቅኝት ከታወቀና በሰከንድ 4 ምት ከተቆጠረ፣ የአንዱ ድግግሞሽ 96፣ የሌላው 100 ነው ማለት ነው። ያለ ኤሌክትሪክ፣ ያለ ረቂቅ ሰዓት፣ በጆሮ ብቻ ድምፅ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚርገበገብ ለማወቅ ተቻለ።

ምት በእርግጥ ኢንተርፌረንስ ነው። ልዩነቱ፣ በሁለቱ ስፒከሮች ፊት ድምፁ የሚጎላውና የሚደክመው በቦታ ሲሆን በምት ግን በጊዜ መሆኑ ነው። ነገር ግን በዘመኑ የነበሩት ሊቃውንት ምትን በዚህ ዓይን አላዩትም። በ1749 ስለ ሙዚቃ ድምፆች ትልቅ መጽሐፍ ያሳተመው የካምብሪጁ ሮበርት ስሚዝ እንኳ፣ ልዩ ልዩ ድምፆች በአየር ውስጥ ሲተላለፉ አንዱ ሌላውን ሳይነካ እንደሚያልፍ፣ አንድን የአየር ቅንጣት በጋራ እንደማያንቀሳቅሱ አድርጎ ያስብ ነበር። ይህ ስሕተት እስኪታረም ድረስ ኢንተርፌረንስ ሊታወቅ አይችልም ነበር።

3. ድምፅ ምንድን ነው ብሎ የጠየቀው ሐኪም

ቶማስ ያንግ በ1773 በእንግሊዝ አገር ሚልቨርተን በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። በሁለት ዓመቱ ማንበብ የጀመረ፣ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ላይ ሳለ ብዙ ቋንቋዎችን ያጠና ሰው ነበር። ስለ ልጅነቱ በሚተርኩ ጽሑፎች ከተዘረዘሩት ቋንቋዎች መካከል ዕብራይስጥ፣ ሱርስት፣ ዐረብኛና ፋርስኛ ሲገኙ የእኛም አማርኛ ይጠቀሳል። በኋለኛው ዘመኑ የጥንቱን የግብፅ ጽሕፈት በመፍታት ረገድ ከፍተኛ አስተዋፅኦ ያደረገው ይኸው ሰው ነው።

ያንግ የተማረው ሕክምና ነው። በ1796 በጀርመን አገር በጎቲንገን ዩኒቨርሲቲ ለዶክትርና ያቀረበው ጽሑፍ ስለ ሰው ድምፅ አፈጣጠርም የሚናገር ክፍል ነበረው። በዚህ ጊዜ ነበር ለመምህር ሁሉ ትምህርት የሚሆን ነገር የገጠመው። ስለ ሰው ድምፅ እየጻፈ ሳለ፣ ድምፅ ራሱ ምን እንደ ሆነ አጥርቶ እንደማያውቅ ተረዳ። ይህንኑም በኋላ ራሱ ጽፎታል። እንደ ብዙዎቻችን ቃሉን እያወቁ ነገሩን እንዳወቁ ቆጥሮ ማለፍ ይችል ነበር። እሱ ግን ወደ ኋላ ተመልሶ ስለ ድምፅ የተጻፈውን ሁሉ ለማንበብና ራሱም ሙከራ ለማድረግ ቆረጠ።

የጥናቱ ውጤት በ1800 በሮያል ሶሳይቲ ፊት ቀረበ። ያንግ በዚህ ጽሑፍ የስሚዝን አስተሳሰብ በቀጥታ ነቀፈ። ሁለት ድምፆች በአንድ ጊዜ ሲሰሙ እያንዳንዱ የአየር ቅንጣት ከሁለቱም ግፊት ይቀበላል፤ እንቅስቃሴውም የሁለቱ ድምር ነው አለ። ግፊቶቹ ወደ አንድ አቅጣጫ ሲሆኑ ድምሩ ይበልጣል፤ ተቃራኒ ሲሆኑ ይቀንሳል ወይም ዜሮ ይሆናል። ምት የሚባለው ነገር ምክንያቱ ይኸው ነው። ከካምብሪጅ ታላላቅ ሊቃውንት አንዱ የነበረውን ስሚዝን መድፈሩ ወዲያው ትችት አስከተለበት፤ ጆን ጎፍ የተባለ ማየት የተሳነው የተፈጥሮ ተመራማሪም በጽሑፍ ተከራከረው። ያንግ ግን ከሐሳቡ አልተመለሰም።

4. ከድምፅ ወደ ብርሃን

ያንግ በዚያው በ1800 ጽሑፉ ድምፅና ብርሃን የሚመሳሰሉባቸውን ነጥቦች ዘርዝሮ ነበር። በግንቦት 1801 ደግሞ ቁልፉን ሐሳብ አገኘ፤ በዚሁ ዓመት በኅዳር ወር በሮያል ሶሳይቲ ባደረገው ንግግርም አስታወቀው። ድምፅ ላይ የሚሠራው የመደመር ሕግ በብርሃንም ላይ ይሠራል የሚል ነው። በሳሙና አረፋና በውኃ ላይ በፈሰሰ ዘይት ላይ የሚታዩት ቀለማት፣ እንዲሁም ኒውተን ራሱ በጥንቃቄ የለካቸው የመስተዋት ቀለበቶች፣ በዚህ ሕግ ሊብራሩ ቻሉ። ያንግ የኒውተንን የራሱን ልኬቶች ወስዶ የብርሃንን የሞገድ ርዝመት አሰላ። ቀይ ብርሃን ከአንድ ኢንች 36000ኛው እጅ ገደማ፣ ወይን ጠጅ ቀለም ያለው ደግሞ 60000ኛው እጅ ገደማ ሆኖ ተገኘ። እነዚህ ቁጥሮች ዛሬ ከምናውቃቸው ጋር በጣም ይቀራረባሉ።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ሕጉ እውነት ከሆነ በአንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ሻማ ብናበራ ግድግዳው ላይ የጨለማ መስመሮች ለምን አይታዩም? ያንግ ይህን አስቀድሞ ተረድቶት ነበር። ሁለቱ ብርሃኖች ከአንድ ምንጭ የተነሡና በተለያየ መንገድ የመጡ መሆን አለባቸው የሚል ግዴታ በሕጉ ላይ አኖረ። የሁለት ሻማ ብርሃኖች እያንዳንዳቸው እጅግ አጭር በሆነ ጊዜ ውስጥ ያለ ሥርዓት ስለሚለዋወጡ፣ የጨለማው ቦታ በየቅጽበቱ ይዘዋወራል፤ ዓይንም አማካዩን ብቻ ያያል። የሁለት ሰዎች ጩኸት በገበያ ውስጥ የማይሻሻረውም በዚሁ ምክንያት ነው። ሁለቱ ስፒከሮች ግን የሚታዘዙት በአንድ አምፕሊፋየር ስለ ሆነ፣ አብረው ይነሣሉ፣ አብረው ይወድቃሉ። በቶንኪን ወደብም ሁለቱን ሙላቶች ያስነሣቻቸው አንዲት ጨረቃ ነበረች።

የመማሪያ መጻሕፍት በሚተርኩት ላይም አንድ እርማት ያስፈልጋል። ያንግ በ1801 የሁለቱን ቀዳዳዎች ሙከራ አላቀረበም። በኅዳር 1803 ባቀረበው ሌላ ንግግር የገለጸው፣ በጠባብ ቀዳዳ በገባ የፀሐይ ጨረር መካከል የኢንች 30ኛ እጅ ያህል ስፋት ያላት ቀጭን ወረቀት አቁሞ ያየውን ነው። በወረቀቷ ግራና ቀኝ ያለፈው ብርሃን በጥላዋ ውስጥ ተገናኝቶ መስመሮች አሳየ። በአንዱ ጎን የሚያልፈውን ብርሃን ሲጋርደው ግን በጥላው ውስጥ የነበሩት መስመሮች ጠፉ። የሁለቱ ቀዳዳዎች ሙከራ የተገለጸው በ1807 ባሳተማቸው ትምህርቶች ውስጥ ነው፤ ያንግ በእርግጥ ሠርቶታል ወይስ ለማስረዳት ያህል ጻፈው በሚለው ላይ የሳይንስ ታሪክ ጸሐፊዎች እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። በዚሁ መጽሐፍ ውስጥ ያንግ ጥልቀት የሌለው የውኃ ገበታ አዘጋጅቶ በውስጡ የሚነሡትን ሞገዶች ለተመልካች የሚያሳይበትን መንገድ ገልጿል። ዛሬ በቤተ ሙከራዎቻችን የሚገኘው የሞገድ ገበታ የዚያ ልጅ ነው።

5. ስድብና ዝምታ

አዲሱ ሐሳብ በምስጋና አልተቀበሉትም። ኤዲንብራ ሪቪው በተባለው መጽሔት ላይ ስሙን ያልገለጸ አንድ ጸሐፊ ከ1803 ጀምሮ ያንግን በተከታታይ ወረፈ። ጸሐፊው በዚያን ጊዜ ገና የ24 ዓመት ወጣት የነበረው፣ በኋላም የእንግሊዝ ከፍተኛ የሕግ ሹም የሆነው ሄንሪ ብሩም ነበር። ክርክሩ በልኬት ወይም በሙከራ ላይ የተመሠረተ አልነበረም። የኒውተንን ሥልጣን የተዳፈረ፣ ሙከራ የሌለበት ከንቱ ግምት ነው የሚል ነበር።

ያንግ በ1804 በትንሽ መጽሐፍ መልስ ሰጠ። ሐሳቡንም እንዲህ በመሰለ ምሳሌ አስረዳ፦ በረጋ ሐይቅ ላይ እኩል ሞገዶች እየተከታተሉ ሄደው ከሐይቁ ወደሚወጣ ጠባብ ቦይ ቢገቡ፣ ሌሎች እኩል ሞገዶችም በዚያው ቦይ በአንድ ጊዜ ቢደርሱ፣ ጉብታ ከጉብታ ሲገጥም ውኃው ከፍ ይላል፤ ጉብታ ከጎድጓዳ ሲገጥም የቦዩ ውኃ ይተኛል። ለድምፅም ለብርሃንም ነገሩ አንድ ነው። መልሱ እጅግ ግልጽ ነበር፤ ግን የተሸጠው አንድ ቅጂ ብቻ ነው ይባላል። ያንግም ወደ ሕክምናው አዘነበለ። ሐሳቡ በእንግሊዝ አገር ለአሥር ዓመት ያህል አንሺ አጥቶ ወደቀ።

ይህ ክፍል ለእኛ ለመምህራን የሚናገረው ነገር አለ። ሐሳቡን ለጊዜው የገደለው የተሻለ ሙከራ አልነበረም፤ የታላቅ ሰው ስም ነው። ኒውተን ራሱ ልኬቶቹን በታማኝነት ትቶ ስለ ነበረ ያንግ በእነዚያው ልኬቶች ሊጠቀም ቻለ። የኒውተንን ስም የያዙት ግን ስሙን ለመመርመሪያ ሳይሆን ለዝም ማሰኛ አዋሉት።

6. ከፈረንሳይ የመጣ ምስክር

በ1815 ኦገስቲን ፍሬኔል የተባለ የፈረንሳይ የመንገድ መሐንዲስ የያንግን ሥራ ሳያውቅ ወደዚያው ሐሳብ ደረሰ፤ በሒሳብም አበለጸገው። በ1816 ፍራንሷ አራጎና ጌይ ሊሳክ የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያን ሊቃውንት ያንግን በቤቱ ጎበኙት። ስለ ፍሬኔል አዲስ ግኝት ሲነግሩት ያንግ ይህ ከዚህ ቀደም የታተመ ነው አለ። እንግዶቹ ሲጠራጠሩ ባለቤቱ ምንም ሳትናገር ከክፍሉ ወጥታ የ1807ን ወፍራም መጽሐፍ ይዛ ተመለሰችና ገጹን ገልጣ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ይህን የተረከው አራጎ ራሱ ነው።

የፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ ለ1819 ባዘጋጀው የሽልማት ውድድር ላይ ፍሬኔል ጽሑፉን አቀረበ። ከዳኞቹ አንዱ የነበረው ፖይሶን የብናኝ አስተሳሰብ ደጋፊ ስለ ነበረ፣ የፍሬኔልን ሒሳብ እስከ መጨረሻው ተከትሎ አንድ የማይመስል ውጤት አወጣ። ሐሳቡ እውነት ከሆነ በአንዲት ክብ ገንዘብ መሰል ነገር ጥላ መካከል ላይ ብሩህ ነጥብ መታየት አለበት፤ ይህ ደግሞ ሊሆን አይችልም አለ። አራጎ ሙከራውን ሠራ። ነጥቡ ታየ። ፍሬኔልም ሽልማቱን ወሰደ። ያንግ በ1829፣ ፍሬኔል በ1827 ሲሞቱ፣ ሐሳባቸው ጸንቶ ቆሞ ነበር።

7. ተመልሶ ወደ ድምፅ

ብርሃን ከድምፅ የተበደረውን ሐሳብ ከነወለዱ መለሰለት። በ1825 ኤርንስት ቬበርና ቪልሄልም ቬበር የተባሉ ሁለት ጀርመናውያን ወንድማማቾች ስለ ሞገድ ሰፊ መጽሐፍ አሳተሙ። በ1833 ጆን ሄርሸል አንድን ድምፅ በሁለት ቧንቧ ከፍሎ መልሶ በማገናኘት እንዲሻሻር ማድረግ እንደሚቻል ሐሳብ አቀረበ። በ1866 ገዮርግ ክዊንከ መሣሪያውን ሠራው፤ ከሁለቱ ቧንቧዎች አንደኛው በግማሽ የሞገድ ርዝመት ሲበልጥ በመውጫው ላይ ድምፁ ይጠፋል። ሄልምሆልትስ በ1863፣ ሎርድ ሬይሊ ደግሞ በ1877 እና በ1878 ባሳተሟቸው መጻሕፍት የድምፅ ትምህርት የዛሬውን መልክ ያዘ።

ነገር ግን ሁለት ስፒከር የሚባል ነገር ገና አልነበረም። ስልክ በ1876 ከተፈጠረ በኋላም ቢሆን ክፍል የሚሞላ ጥሩ ድምፅ የሚያወጣ መሣሪያ ለማግኘት ብዙ ዓመታት ፈጅቷል። ዛሬ በየሬዲዮው ውስጥ የሚገኘውን፣ በመጠቅለያ ሽቦና በማግኔት የሚንቀሳቀሰውን ባለ ወረቀት ስፒከር በ1925 ያቀረቡት ራይስና ኬሎግ የተባሉ አሜሪካውያን ናቸው። በ1931 እንግሊዛዊው መሐንዲስ አለን ብለምላይን በሁለት ስፒከሮች አማካይነት ድምፁ ከየትኛው አቅጣጫ እንደሚመጣ ጆሮን ማሳመን የሚችል ዘዴ በፓተንት አስመዘገበ። ዛሬ ስቴሪዮ የምንለው ይህ ነው።

በ1930ዎቹ ደግሞ ጀርመናዊው ፓውል ሉግ ኢንተርፌረንስን በቀጥታ ለሥራ ለማዋል አሰበ። የሚያውከውን ድምፅ በማይክሮፎን መቀበል፣ በኤሌክትሪክ መገልበጥ፣ ከዚያም በስፒከር መልሶ በመልቀቅ ማጥፋት ነው። የአሜሪካ ፓተንት ያገኘው በ1936 ነው። የዘመኑ ኤሌክትሮኒክስ ግን ለዚህ ሥራ ገና ደካማ ስለ ነበረ ሐሳቡ ብዙ ጠበቀ። ለአውሮፕላን አብራሪዎች የሚሆን፣ የሞተርን ጩኸት በዚህ ዘዴ የሚያጠፋ የጆሮ ማዳመጫ በገበያ ላይ የዋለው በ1989 ነው። ዛሬ ተማሪዎቻችን በየመንገዱ በሰዎች ጆሮ ላይ የሚያዩት ጩኸት የሚከላከል ማዳመጫ በድምፅ ላይ ድምፅ ጨምሮ ጸጥታ የሚሰጥ መሣሪያ ነው። ያንግ በ1800 የጻፈው ድምር በጆሮ ላይ ተሰክቶ ይዞራል።

8. በክፍል ውስጥ

እንግዲህ ታሪኩ የሚጠቁመን የማስተማር ቅደም ተከተል ከውኃ ወደ ድምፅ፣ ከድምፅ ወደ ብርሃን ነው። ለዚህም የሚከተለው ሙከራ በቂ ነው።

ሁለት ስፒከሮች በ1 ሜትር ርቀት ጎን ለጎን ይቀመጡ፤ ከአንድ አምፕሊፋየር ጋር ይያያዙ። ድግግሞሹ 1700 ኸርዝ የሆነ ድምፅ ይሰጣቸው፤ ለዚህ ቤተ ሙከራው መሣሪያ ባይኖረው በእጅ ስልክም ማግኘት ይቻላል። የድምፅን ፍጥነት በሰከንድ 340 ሜትር ብንወስድ የሞገዱ ርዝመት 20 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ከስፒከሮቹ በ5 ሜትር ርቀት ላይ፣ ከእነሱ ጋር ትይዩ የሆነ መስመር በጠመኔ ይሠመር። በመስመሩ መካከል ድምፁ ይጎላል። ከመካከሉ ወደ ጎን 50 ሳንቲ ሜትር ገደማ ሲኬድ ከአንዱ ስፒከር ያለው ርቀት 5 ሜትር፣ ከሌላው 5.10 ሜትር ገደማ ነው። ልዩነቱ 10 ሳንቲ ሜትር፣ ማለት የሞገዱ ርዝመት ግማሽ ስለ ሆነ ድምፁ ይደክማል። በ1 ሜትር ገደማ እንደገና ይጎላል፤ በ1.5 ሜትር ገደማ ይደክማል። ተማሪዎች ጎልቶ በተሰማቸው ቦታ ላይ ቢቆሙ የሞገዱ ሥዕል በራሳቸው አቋቋም ይታያል።

ሙከራው ከቤት ውጭ በሜዳ ላይ ቢሠራ ይመረጣል፤ በክፍል ውስጥ ከግድግዳ የሚመለሰው ድምፅ ሥዕሉን ያደበዝዘዋል። አንድ ጆሮን መድፈንም ይረዳል። መካከሉ ላይ ድምፁ በመጉላት ፈንታ ከደከመ፣ ከአንዱ ስፒከር የሚሄዱት ሁለት ሽቦዎች ተገላብጠው ገብተዋል ማለት ነውና፣ ይህንንም ሆን ብሎ ማሳየት ጥሩ ትምህርት ነው።

ኤሌክትሪክ በሌለበት ትምህርት ቤት አንድ ቲዩኒንግ ፎርክ ይበቃል። መትቶ በጆሮ አጠገብ እጀታውን ቀስ እያሉ ማዞር ነው። በአንድ ሙሉ ዙር ውስጥ አራት ጊዜ ድምፁ ይጠፋል፤ ምክንያቱም ሁለቱ ጣቶች በተቃራኒ አቅጣጫ ስለሚንቀሳቀሱ የሚልኳቸው ሞገዶች በእነዚያ አቅጣጫዎች ይሻሻራሉ። በጠፋበት ቦታ ላይ አቁሞ አንደኛውን ጣት ሳይነኩ በወረቀት ጥቅልል ቢከልሉት ድምፁ ይመለሳል።

በዚህ ጊዜ ንቁ የሆነ ተማሪ አንድ ጥያቄ ማንሣቱ አይቀርም። በማሠልጠኛ ተቋማችን ከዕጩ መምህራን መካከልም በየዓመቱ የሚነሣ ጥያቄ ነው። ኃይል አይጠፋም ብላችሁ አስተምራችሁናል፤ ታዲያ እዚህ የጠፋው ድምፅ ኃይሉ የት ገባ? ጥያቄው የሚመሰገን ነውና በሰዓት እጥረት ሊታለፍ አይገባም። መልሱ በመስመሩ ላይ ይገኛል። ድምፁ በጎላበት ቦታ የርግብግቢቱ ስፋት ከአንድ ስፒከር ስፋት እጥፍ ነው። ኃይል ግን የሚለካው በስፋቱ ካሬ ስለ ሆነ በዚያ ቦታ የሚደርሰው ኃይል የአንዱ ስፒከር አራት እጥፍ ነው። በደከመበት ቦታ ዜሮ ነው። የአራትና የዜሮ አማካይ ሁለት ነው፤ ይኸውም ሁለት ስፒከሮች ሊሰጡት የሚገባው ነው። ስለዚህ ኃይሉ አልጠፋም፤ ከአንዱ ቦታ ተነሥቶ ወደ ሌላው ተዛወረ እንጂ። ይህን የተረዳ ተማሪ ወደ ብርሃን ምዕራፍ ሲሻገር የጨለማውን መስመር ምክንያት ራሱ ይናገራል፤ ቀመሩም ከመሸምደድ ይድናል።

ማጠቃለያ

የኢንተርፌረንስ ሐሳብ ከአንድ ሰው አእምሮ በአንድ ቀን የወጣ አይደለም። በቶንኪን ወደብ የረጋውን ውኃ የመዘገበ ተመልካች፣ ምክንያቱን ያሰላ ኒውተን፣ በደካማ ጆሮው ምትን የቆጠረ ሶቨር፣ ድምፅ ምን እንደ ሆነ አጥርቼ አላውቅም ብሎ ወደ ኋላ የተመለሰ ያንግ፣ በሒሳብ ያጸናው ፍሬኔል፣ ሊያፈርሰው ሲሞክር ያቆመው ፖይሶን፣ ሁሉም ድርሻ አላቸው። ሐሳቡ የቆመው ሰዎች ነገሩን ወደ ሙከራ ባመጡት ጊዜ ነው፤ የወደቀውም በታላቅ ሰው ስም ዝም በተባለ ጊዜ ነው። በክፍላችንም እንዲሁ ነው። ተማሪው ድምፁ የት ገባ ብሎ ሲጠይቅ መጽሐፉ እንዲህ ይላል ብለን ብናስቀምጠው የብሩምን ሥራ ሠራን ማለት ነው። ሁለቱን ስፒከሮች አስቀምጠን በጠመኔው መስመር ላይ እንዲራመድ ብናደርገው ግን መልሱን በገዛ ጆሮው ያገኘዋል።